ሊቀ ጣሪያ ሙሄዲንና ሃያ ሁለቱ ላሜራ

በዚህ ዓለም ላይ ከእሱ በፊት የሠራውን ሰው ሳይሰድብ ሥራ የጀመረ ባለሙያ የለም። ልብስ ሰፊው የቀድሞውን ልብስ ሰፊ ይሰድባል፤ ግንበኛው የቀድሞውን ግንበኛ ይሰድባል፤ መርፌ ወጊው እንኳ «ማነው ይህን ያዘዘልህ?» ብሎ ራሱን ሳይነቀንቅ መርፌውን አያነሳም። መዶሻና መጋዝ በኋላ የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው መሣሪያ ምላስ ነው። ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ባለሙያ ያውቀዋል፤ ያላሠራም ዕድሜ ይስጠው እንጂ ያውቀዋል።

ሁሉም በየደረጃው ነው፤ ከደረጃው ሁሉ አናት ላይ ግን ሊቀ ጣሪያ ሙሄዲን ተቀምጠው ነበር። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን። እሳቸው ግን ሲጠሩበት ከተወለዱ ጀምሮ የነበራቸው ያህል አቤት ይሉ ነበር።

ጋሽ ሙሄዲን የደሴ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ቧንቧ ውሃ ነው፤ ሙያቸው ጣሪያ መክደን። ሰው ቤት ሲገቡ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚሉት ጣሪያውን ነው። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ቀልሰው አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ከዚያ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

መልስ አይጠብቁም። እጁ የማንም ቢሆን መቆረጥ እንዳለበት ከድምፃቸው ይታወቃል።

ጎረቤታችን እትዬ ከሪማ እንደነገረችን፣ አንድ ጊዜ ደሴ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሳቸው ሽቅብ እያዩ ይተክዙ ነበር። ሰው «እንዴት ቢወዱት ነው፣ ሰማይ ሰማይ የሚያዩት» እያለ አዘነላቸው። እሳቸው ግን ወደ ሟቹ ወንድም ጠጋ ብለው «ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉት።

«ራሱ ሟቹ ነው የከደነው» አላቸው ሰውየው።

ጋሽ ሙሄዲን እንደገና ሽቅብ አዩ። «አላህ ምሕረቱን ይስጠው» አሉ በመጨረሻ። «ሚስማሩን ግን ጎድጓዳው ላይ ነው የመታው።»

ቆርቆሮ ሸንተረር አለው፤ ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ጋሽ ሙሄዲን ለሞተም አያዝኑም። በቀበሌያቸው የውይይት ክበብ ውስጥም አያዝኑም። አንድ ረቡዕ የውይይቱ ርዕስ ኢምፔሪያሊዝም ነበር አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲወገዝ ከቆየ በኋላ ጋሽ ሙሄዲን እጃቸውን አወጡ። «ኢምፔሪያሊዝም ሩቅ ነው ጓዶች» አሉ። «ይሄ አዳራሽ ግን ሰኔ ላይ ያፈስሳል።»

አፈሰሰም። ለዚህም ሳይቀር ተጠረጠሩ።

እኔ የተዋወቅኋቸው በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ የሥራ ምደባ እስኪመጣ እናቴ ቤት ኮምቦልቻ ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜ ለፍየልም መንገድ የምለቅ ሰው ነበርሁ። ፍየሏ ብትዞር ይቅርታ እጠይቃት ነበር። እናቴ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ደግሞ በሕይወቷ «ይቅርብኝ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ሴት ናት። የቤታችን ሣር ክዳን ከመበስበሱ የተነሣ ክረምት ላይ ውጭ ያለው ሰው ከእኛ ይልቅ ደረቅ ይሆን ነበር። ቆርቆሮ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ከደሴ መጋዘን ሃያ ሁለት ላሜራ መጣ። እንደ ወረቀት ልሙጥ ነው፤ ሸንተረር የለው፣ ጉብታ የለው። ተራ የደረሰው ሁሉ «ይሄ ለጣሪያ ምን ይሆናል?» እያለ ተወው። ተራው እናቴ ጋ ደረሰ።

ወሰደችው። አብራ የወሰደችው ወረቀት ደግሞ ነበር። የፈረመበት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ስማቸው ነው። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ሚዛን ይጠብቅ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ እኛን ይጠብቃል። ወረቀቱ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ እስከ ሰኔ 30 ቤት ላይ ያልወጣ ላሜራ ለቀበሌው ተመላሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ላሜራው ላይ ጉዳት ያደረሰ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል።

እናቴ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና በማግሥቱ ሣሩን አስወርዳ ለጎረቤት ከብት ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ጎድኑ የወጣ በሬ መሰለ። ከብቶቹ ክዳናችንን በሁለት ቀን ስለበሉት መመለስ አልነበረም። እስከ ሰኔ 30 ወይ ጣሪያ ይኖረናል፣ ወይ ክረምቱን ከነዕቃችን እትዬ ከሪማ ማጀት ውስጥ እንከርማለን።

ልሙጥ ላሜራ ያለ ሚስማር አያይዞ ጣሪያ የሚያደርግ ሰው በደሴና በኮምቦልቻ አንድ ብቻ ነው ተባለ። መጡ።

ሲመጡ ካፖርትና ጋቢ ደርበው ከደሴ ይነሣሉ፤ የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት ሲወርዱ ጋቢውን ያወልቃሉ፤ ኮምቦልቻ ሲገቡ ካፖርቱን። ላሜራንም የሚገምቱት በራሳቸው ነው። «ደሴ መጋዘን የቆየ ላሜራ ብርድ ገብቶታል» አሉ። «ዛሬ ቢታጠፍ ነገ ይጣላናል። መጀመሪያ ኮምቦልቻን ይልመድ።» ሃያ ሁለቱንም ግቢያችን ውስጥ ለሦስት ቀን አስጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ሰው በርበሬ ያሰጣል፤ እኛ ላሜራ አሰጣን። መንገደኛ ሁሉ አጥር ላይ እየተንጠለጠለ «ደረቀ?» ይለናል።

«ረዳት የለዎትም?» አለቻቸው እናቴ።

«ረዳት ያበላሻል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ትናገራለች?»

«ኧረ አትናገርም።»

«እሷ ትሁንልኝ።»

ይህን ጥበብ የተማሩት አሰብ ነው። አሰብን ያላየ ሰው ጣሪያ አይቶ አያውቅም፤ ሙቀት አይቶ አያውቅም፤ ባጭሩ ምንም አይቶ አያውቅም። «አሰብ አይተሻል?» ይሉኛል። «አላየሁም» እላለሁ። «እንግዲያው ያዢ» ይላሉ። እኔም እይዛለሁ።

«አሰብ ላይ የባሕሩ ጨው ሚስማር በልቶ ነው የሚያድር» ይላሉ እያጠፉ። «ፀሐዩ ደግሞ ላሜራውን ይስበዋል። እንደ ሰው ነው፤ ሲሞቀው ይንጠራራል፣ ሲበርደው ይኮራመታል። የሚንጠራራን ነገር ቸንክረሽ ልትይዢው ነው? ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ሚስማሩን ይተፋዋል። ኮምቦልቻ ማለት የአሰብ ታናሽ እህት ናት፤ ጨው የላትም እንጂ ጠባይዋ አንድ ነው።»

«እንቁላል ጣሪያው ላይ ጠብሰን በልተናል፣ ወላሂ» አሉ አንድ ቀን።

«እንቁላሉን ይዞ ማን ወጣ?» አለች እናቴ።

«ዶሮዋ ራሷ» አለች እትዬ ከሪማ ከአጥር ማዶ።

አሰብ የቆዩበት ዘመንም ከሥራው ጋር አብሮ ያድጋል። ሰኞ አራት ዓመት የነበረው ረቡዕ ሰባት፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሆነ። እትዬ ከሪማ አሰብን፣ ደግሞም ሠራሁባቸው የሚሏቸውን ሚሌንና ተንዳሆን ደምራ ሰውየው መቶ አራት ዓመታቸው እንደሆነ ደረሰችበት። «ማሻአላህ፣ አይመስሉም» አለቻቸው። እሳቸውም ስለ አየሩ ጥራት አስረዷት።

ሥራው ግን ሥራ ነበር። የላሜራውን ግራና ቀኝ ጠርዝ ሽቅብ ያጥፉታል፤ አንዱን ጠርዝ ከሌላው በትንሹ ያስበልጣሉ። ሁለት ላሜራ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ጠርዞቹ ጀርባ ለጀርባ ገጥመው እንደ ሰልፈኛ ይቆማሉ። በመካከላቸው ቁራጭ ላሜራ ይገባል፤ «ጣት» ይሉታል። ሚስማር የሚመታው ይህች ጣት ላይ ብቻ ነው፣ ከሥር ከማገሩ ጋር። ከዚያ ረጅሙ ጠርዝ በአጭሩ ላይ እንደ ጥምጥም ይጠመጠማል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ በወይራ መዶሻ፣ ቀስ ተብሎ። ሚስማሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ውሃ ዞሮ ቢፈልገው አያገኘውም። ላሜራው ደግሞ ራሱ ስላልተቸነከረ በሙቀት እንደ ልቡ ይንጠራራል፣ ሲበርደው እንደ ልቡ ይሰበሰባል።

ከጧቱ አራት ሰዓት በኋላ ላሜራው እጅ ስለሚፈጅ ከሰዓት በኋላ እስካለው የአሱር ሶላት ሥራ የለም። ግራሩ ሥር ተቀምጠን የኮምቦልቻን ጣሪያ ከአንድ ጫፍ እንጀምራለን። ያኛው ወልጋዳ ነው። ያኛውን የሠራው ሰው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የዋለው። «መስጊዱን ምንም አልለውም» ይላሉ፤ «ቤተ ክርስቲያኑንም ምንም አልለው፤ እኩል ነው።» ከዚያ ሁለቱን እኩል ለግማሽ ሰዓት ይሏቸዋል።

እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። በልቤ ግን እቆጥራለሁ፤ አንድ ቀን አንድ ላሜራ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። እናቴ ሰማዩን እያየች ትቆጥራለች። ሰኔ 14 እሑድ ላይ አሥራ አራቱ ላሜራ ወጥቶ ስምንት ቀረ። የዚያን ዕለት ከደሴ መልእክት መጣ፤ የጋሽ ሙሄዲን እህት መዲና ታማ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ገብታለች። ሲሄዱ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ በር ላይ ቆመው ለእኔ ብቻ ነገሩኝ።

«ሦስት አራት ቀን ነው። እንዳይነካ። ደመና ቢመጣ እንኳ እንዳይነካ። ላንቺ ትቼዋለሁ፤ አብሽሪ።»

«እሺ» አልኋቸው። «እሺ» ማለት ይቀናኛል።

በማግሥቱ ሰኞ እናቴ ባቲ ገበያ ሄደች። ጧት በብርዱ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ስማቸው ነው፤ ከኋላው አሥራ አንድ የምርት ዘማቾች፣ መዶሻና አንድ ጣሳ ሚስማር ይዘው።

«ጓድ ሥርጉት፣ የጣሪያው ሥራ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?»

«ስምንት ቀርቷል።»

«ባለፈው ሪፖርት ላይ በተፋፋመ ሁኔታ ላይ ይገኛል ብለናል። ዛሬ ተጠናቀቀ ብለን መላክ አለብን። ባለሙያው የት አሉ?»

«ቦሩ ሜዳ። እህታቸው ታመው። እንዳይነካ ብለዋል።»

«ማን እንዳይነካው?»

«ማንም።»

«ሰፊው ሕዝብ ማንም አይደለም» አለ ጓድ ስማቸው። «መሰላል አለ?»

ያን ጊዜ «የለም» ማለት ይቻል ነበር። መሰላሉ ልክ ከኋላዬ ግድግዳ ተደግፎ ባይቆም ኖሮ በደንብ ይቻል ነበር። እኔ ግን አንሥቼ ሰጠሁት። ሰጥቼ እንኳ አላበቃሁም፤ እንዳይወድቁ እግሩን ያዝሁላቸው።

በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረሱ። ጠርዝ ማጠፍ የለ፣ ጣት የለ፤ አንዱን ላሜራ በሌላው ጫፍ ላይ እያስተኙ ቀጥ አድርገው ቸነከሩት። አርባ ስድስት ሚስማር። እየዘፈኑ ነበር፤ መዶሻው ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም እንጂ ደስ ይል ነበር። እናቴ ማታ ስትመለስ ቤቷ ተከድኖ አገኘችውና በደስታ ቁጭ አለች። «ሰውየው እስካሁን ምን ሲሠራ ነው የከረመው?» አለች።

ሰኞ ደመና ስለዋለ መልሱ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ኮምቦልቻ እንደ ልማዷ ነደደች። በድንገት ከጣሪያው ላይ «ጧ» የሚል ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። እትዬ ከሪማ ተኩስ መስሏት አልጋ ሥር ገባች፤ በዚያ ዘመን ከጣሪያ ይልቅ ተኩስ ነበር የለመድነው። አልጋ ሥር ሆና «ዛሬ ደግሞ በማን ላይ ነው?» ትለናለች። እኔ ወጥቼ አየሁ። የጋሽ ሙሄዲን አሥራ አራት ላሜራ ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ስምንቱ ግን ሆዳቸው ተነፍቶ ተነሥተዋል። ፀሐይ ሲዘቀዘቅ ደግሞ በየተራ እየጮኹ ሟሸሹ። በሦስተኛው ቀን ሚስማሮቹ ግማሾቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወጥተው ነበር፤ ቀዳዳዎቹም የሰው ጣት ያስገቡ ነበር።

ሐሙስ ጧት ጓድ ስማቸው ለምርመራ መጣ። ቀና ብሎ አየ። «ተጠናቀቀ» የሚለው ሪፖርት ሰኞ ዕለት ሄዷል። ሪፖርት ከተላከ በኋላ ስሕተት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሊኖር የሚችለው አሻጥር ብቻ ነው።

«የመንግሥት ላሜራ ተበላሽቷል» አለ። «ዘመቻው በሙሉ ኃይሉ ሠርቷል። እንግዲያው ጥያቄው፣ ዘመቻው ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ማን ነበር? የአሠራር መመሪያ ያልሰጠው ማነው? መሰላሉን ያቀበለው ማነው?» እያንዳንዱን ጥያቄ ሲጠይቅ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ይቀርባል። «የተማረ ሰው እያወቀ ዝም ሲል ምን ይባላል?»

በዚያ ዘመን «የተማረ» የሚለው ቃል ከሊቀ መንበር አፍ ሲወጣ ምርቃት አልነበረም። በእኛ ሰፈር ቃሉ ከተነገረባቸው ልጆች ውስጥ ተመልሰው የመጡት ጥቂት ናቸው። እናቴ በእኔና በእሱ መካከል ገብታ ቆመች።

ጋሽ ሙሄዲን በሩ ላይ ቆመው ነበር። ካፖርታቸውን ገና አላወለቁም። ከመቼ ጀምሮ እንደሰሙ አላውቅም። ገቡና ጣሪያውን አዩ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። አርባ ስድስቱንም አንድ በአንድ ያዩ ይመስለኛል። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የማን እጅ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

አልጠየቁም።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አሉ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጓድ ስማቸው ግራ ገባው። «እርስዎ አልነበሩም እኮ።»

«ስላልነበርሁ ነዋ። የጀመርሁትን ሳልጨርስ ሄድሁ። ልጅቷ መሰላል ከመያዝ ሌላ ምን ታውቃለች? አሰብ አላየች፣ ምን አላየች። የእኔ ብለህ ጻፈው።»

ጥፋተኛ ሲገኝ ለሪፖርት ደስ ይላል፤ በፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ በዓል ነው። ጓድ ስማቸው ጻፈው። ጋሽ ሙሄዲን እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ግለ ሂስ እንዲያደርጉ፣ ጉዳቱንም በራሳቸው ጉልበት እስከ ሰኔ 30 እንዲጠግኑ ተወሰነ። የደሴ ነዋሪ ቢሆኑም ላሜራው የእኛ ቀበሌ ስለሆነ ሂሱም የእኛ ነው ተባለ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሂስ ማለት ሌላውን መውቀስ ነው፤ ግለ ሂስ ማለት ራስን በሕዝብ ፊት መውቀስ። ጋሽ ሙሄዲን በሂስ ወሎን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ግለ ሂስን ግን ከመወለዳቸው ጀምሮ አንድ ቀንም አልሞከሩትም።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጥሁ። ጋሽ ሙሄዲን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆሙ፤ ላባቸው ይወርዳል።

«ጓዶች፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ» ብለው ጀመሩ። «ስምንት ላሜራ ቸንክሬአለሁ። ጧት በብርዱ ስቸነክር ቀን ላይ ፀሐይ ትወጣለች ብዬ አላሰብሁም። ፀሐይ ኮምቦልቻ ላይ አዲስ ነገር ናት? አይደለችም። ታዲያ ለምን አላሰብሁም? ማሰቢያ ስለሌለኝ ነው።»

ጓድ ስማቸው ብዕሩን አስቀመጠ።

«አህያ እንኳ ጭነት ሲጠብቅባት ሆዷን ነፍታ ትንፋሽ ታስቀራለች። እኔ የአህያን ያህል አላወቅሁም። ያልተማርሁትን ሙያ ልሥራ ብዬ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ በሰው ቤት ገብቼ፣ እየዘፈንሁ ቸነከርሁ። ዘፈኑም አልገጠመልኝም ጓዶች።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመሰለው። ሳሉ ተዛመተ።

«ለምን ይህን አደረግሁ? ለሪፖርት ብዬ ነው።»

«ጓድ ሙሄዲን፣ ሪፖርት የሚለው—»

«የራሴ ሪፖርት ጓድ፤ በልቤ የጻፍሁት።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ደግሞ አበላሽቼ ሳበቃ በሌላ ሰው ላይ ላሳብብ ነበር። በልጅ ላይ። ይህን የሚያደርግ ሰው መዶሻ ሊሰጠው አይገባም፤ ማንኪያም ቢሆን ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው። ወላሂ ጓዶች፣ ይሄን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም።»

ግማሽ ሰዓት ቆዩበት። ከአሥራ አንዱ ዘማቾች ዘጠኙ ወለሉን ያዩ ነበር፤ ሁለቱ ይስቁ ነበር። እኔ «እኔ» ባሉ ቁጥር «እኔ» ብዬ እጽፋለሁ። ሲጨርሱ ሁሉም ሊቀ መንበሩን ያያል። አንድ ሰው ራሱን ሲወቅስ ማስቆም የሚፈቅድ መመሪያ የለም። ጓድ ስማቸው ፊቱ የበሰለ ቲማቲም መስሎ ተነሣ። «ግለ ሂሱ ጥልቅና ሐቀኛ ነው» አለ፤ ከሁሉ ቀድሞ ማጨብጨብም ግዴታው ስለሆነ አጨበጨበ። ሕዝቡ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ለመንግሥት እንዲህ ተጨብጭቦ አያውቅም፤ እትዬ ከሪማ ጭራሽ ቆማ ነው ያጨበጨበችው።

ከሰኞ ጀምሮ ጣሪያ ላይ ወጣን። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀልን፤ ስምንቱን ላሜራ አውርደን በመዶሻ አቃናን፤ ጋሽ ሙሄዲን በከሰል ባጋሉት ብረት እርሳስ እያቀለጡ አርባ ስድስቱን ቀዳዳ ደፈኑት። ከዚያ እንደ ሌሎቹ እየታጠፈ፣ በጣት እየተያዘ ወጣ። ስለ አሰብ ብዙም አላወሩም፤ ጊዜ አልነበረም። የመጨረሻውን ጥምጥም ግን መዶሻውን ለእኔ ሰጡኝና ዞረው ቆሙ። ስጨርስ መጥተው በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ዝም አሉ። ለእሳቸው አፍ ይህ ቅኔ ነው።

ሰኔ 29 ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። እናቴ «ሰውየው ራሱ አጥፍቻለሁ ብሎ ተናዝዟል» ብላ ያላትን ሳህን፣ ድስትና ሳፋ ሁሉ ከስምንቱ ላሜራ ሥር ደርድራ ነበር። ጓድ ስማቸው ፋይሉን ይዞ ለመጨረሻው ምርመራ ሲመጣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘውና ውሃ ጠብ ጠብ እያለበት ገባ። ዕቃው መካከል ቆሞ ሽቅብ ያያል። ላያችን ላይ ዝናቡ ያጓራል። ከዕቃው ሁሉ ውሃ የገባው በአንዱ ሳፋ ብቻ ነው፤ እሱም ከጓድ ስማቸው ባርኔጣ ላይ የወረደ ነው። ፋይሉን ከፍቶ «ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ፤ ዝናቡ ሳያባራ ወጥቶ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስለማመደው የቆየሁትን ያን ጊዜ አወጣሁት።

«ጋሽ ሙሄዲን፣ በሚመጣው ስብሰባ እጄን አውጥቼ እናገራለሁ። መሰላሉን የሰጠሁት እኔ እንደሆንሁ፣ የቸነከሩትም እነማን እንደሆኑ። ቃለ ጉባኤውንም አስተካክለዋለሁ።»

ደነገጡ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንዲህ ደንግጠው አላየኋቸውም።

«አንቺ ምደባሽ ገና አልመጣም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምደባሽ ይምጣ፣ ሂጂ፣ አስተምሪ። እኔን ምን ያደርጉኛል?» ከዚያ ካፖርታቸውን እየለበሱ ድምፃቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። «ደግሞስ ግለ ሂሴን እንዳትነኪብኝ፤ በአላህ ይዤሻለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቱን ስናገር ያጨበጨበልኝ የለም። አንድ ቀን ብዋሽ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆመልኝ።»

እጄን አላወጣሁም። ቃለ ጉባኤው እንዳለ አለ፤ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ግርጌው ላይ የጓድ ስማቸው ማኅተም አለበት። ሊቀ ጣሪያ ሙሄዲን በዕድሜያቸው ከከደኑት ቤት ሁሉ በስማቸው ተመዝግቦ የተገኘ መጥፎ ሚስማር አርባ ስድስት ብቻ ነው፤ አንዱንም አልመቱትም።